የፈረንሳይ ጥንታዊ የጉዞ ሰዓቶችና ሠሪዎቻቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎችና መልሶች የተዘጋጁት በአውሮፓ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ በጨረታ ወይም በውርስ ባለ መስታወት የናስ ሰዓት እጃቸው ገብቶ ምንነቱንና ሠሪውን ለማወቅ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉዞ ሰዓት የሚባለው ምን ዓይነት ሰዓት ነው?

የጉዞ ሰዓት፣ በሌላ ስሙ የሰረገላ ሰዓት፣ በአራቱም ጎኑና በአናቱ መስታወት በገባለት የናስ ቤት ውስጥ የተቀመጠ፣ ከላይ ማንጠልጠያ ያለው ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ነው። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ከትልልቆቹ የግድግዳና የቁም ሰዓቶች የሚለየው ፔንዱለም የሌለው በመሆኑ ነው፤ ፔንዱለም ሰዓቱ ባዘነበለ ቁጥር ስለሚቆም ለመንገድ አይሆንም። የጉዞ ሰዓት ኃይሉን የሚያገኘው ከተጠቀለለ ሞላ ሲሆን፣ እርምጃውን የሚመጥንለት ደግሞ እንደ እጅ ሰዓት ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ፣ ባላንስ የተባለ ጎማ ነው። ባላንሱ ሰዓቱ ቢያዘነብልም ቢንገጫገጭም ሥራውን አያቋርጥም። ከአጋር ክፍሎቹ ጋር በሰዓቱ አናት ላይ በተጋደመች ትንሽ የናስ ሰሌዳ ላይ ተተክሏል፤ ሰብሳቢዎች ይህችን ሰሌዳ ፕላትፎርም ይሏታል። ከላይ ባለው መስታወት ቁልቁል ሲመለከቱ የሚታየው እንቅስቃሴ የእሷ ነው።

የመጀመሪያውን የሠራው ማን ነው?

ለመንገድ የሚሆኑ ሰዓቶች ቀድሞም ነበሩ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የጦር መኮንኖች በጓዛቸው የሚይዟቸው ሰዓቶች ነበሩ፤ በምሥራቅ ፈረንሳይ በፍራንሽ ኮንቴ አውራጃም ከአናታቸው ደወልና እጀታ የተሠራላቸው ካፑሲን የተባሉ ሰዓቶች ይሠሩ ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የጉዞ ሰዓት አባት ተብሎ የሚጠራው አብርሃም ሉዊ ብሬጌ ነው። ብሬጌ በ1747 ዛሬ የስዊዘርላንድ በሆነችው በኑሻቴል ተወልዶ፣ በ1775 በፓሪስ በሴን ወንዝ ደሴት ላይ፣ ኬ ደ ሎርሎዥ በተባለው መንገድ ሥራ ቤቱን ከፈተ። በ1798 ወደ ግብፅ ለመዝመት ይዘጋጅ የነበረው ጄኔራል ቦናፓርት ከእሱ ዘንድ ከገዛቸው ዕቃዎች አንዱ ቀን መቁጠሪያ ያለው፣ ሲጠየቅም ሰዓቱን ደውሎ የሚናገር የጉዞ ሰዓት ነበር፤ ቁጥሩ 178 ነው።

ብሬጌ የሠራቸው የጉዞ ሰዓቶች ጥቂት ናቸው፤ ደንበኞቹም ነገሥታት፣ መሳፍንትና ባለጸጎች ነበሩ። ስለዚህ «የብሬጌ ሰዓት ነው» ተብሎ በርካሽ የሚቀርብልዎን ዕቃ በጥርጣሬ ቢያዩት አይፈረድብዎትም። የብሬጌ ቤት የጥንት የሽያጭ መዛግብቱን እስከ ዛሬ ጠብቆ ስለያዘ፣ የእውነተኛው ዕቃ ቁጥር ከመዝገብ ጋር ሊመሳከር ይችላል።

ታዲያ የባለጸጎች ብቻ የነበረው ዕቃ እንዴት ወደ ሰፊው ገበያ ወጣ?

በዚህ ረገድ ትልቁን ሥራ የሠራው ፖል ጋርኒዬ ነው፤ ከ1801 እስከ 1869 ኖሯል። ጋርኒዬ የብሬጌን ሐሳብ ወስዶ አቀለለው፦ ቤቱን ጌጥ የሌለው አደረገ፤ ኃይሉን በልክ እየቆነጠረ ለባላንሱ የሚያቀብለውን ክፍል፣ ማለትም ኤስኬፕመንቱን፣ በአንድ ዘንግ ላይ በተተከሉ ሁለት ጥርሳም ጎማዎች የሚሠራ አድርጎ በ1830 የፈጠራ መብት አወጣበት። ብሬጌ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለየብቻው ይሠራ የነበረውን ጋርኒዬ በተመሳሳይ ንድፍ ደጋግሞ መሥራት ቻለ፤ ዋጋውም የሐኪምና የነጋዴ አቅም ወደሚደርስበት ወረደ። ይኸው ሰው ለፈረንሳይ የባቡር ጣቢያዎችም ሰዓት ያቀርብ ነበር። የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ የጉዞ ሰዓት ገበያ የደራው ባቡር በተስፋፋበት፣ ብዙ ሰው በብዛት መጓዝ በጀመረበት ዘመን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ከተሸጡት ሰዓቶች አብዛኞቹ አንድም ቀን መንገድ ሳይወጡ በሳሎን መደርደሪያ ላይ የኖሩ ይመስለኛል።

የተሠሩት ፓሪስ ውስጥ ነው?

መልሱ «በከፊል» ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሸማ ስንለብስ የፈተለችው፣ የሸመነውና ጥለቱን ያወጣው የተለያዩ ሰዎች እንደሆኑ ሁሉ፣ አንድ የጉዞ ሰዓትም አብዛኛውን ጊዜ በሦስት የተለያዩ አካባቢዎች ባለሙያዎች እጅ ያለፈ ነው።

ጥሬው ሞተር፣ ማለትም ሁለቱ የናስ ሰሌዳዎች፣ የሞላው ከበሮና ጥርሳም ጎማዎቹ ተገጣጥመው ነገር ግን ገና ሳይሞረዱና ሳይወለወሉ፣ በብዛት ይወጡ የነበሩት በሰሜን ፈረንሳይ በኖርማንዲ፣ ከዲዬፕ ወደብ ብዙም ከማይርቀው ሳን ኒኮላ ዳልዬርሞን ከተባለ መንደር ነው። መንደሩ በአንድ ረጅም መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሲሆን፣ ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የሰዓት ሥራ የሚያውቁ ቤተሰቦች ይኖሩበት ነበር። ሥራው ተዳክሞ ሳለ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ኦኖሬ ፖንስ የተባለ የፓሪስ ሰዓት ሠሪ ወደዚያ ሄዶ፣ ጥርስ የሚቀርጹ መሣሪያዎችን አስገብቶ ኢንዱስትሪውን አነቃቃው። ከዚያ በኋላ መንደሩ ለፓሪስ ሰዓት ሠሪዎች ጥሬ ሞተር በገፍ የሚያቀርብ ሆነ። የተወሰነው ጥሬ ሞተር ደግሞ ከምሥራቅ፣ ከሞንቤሊያር አካባቢ ይመጣ ነበር፤ በቦኩር የነበረው የዣፒ ቤተሰብ ፋብሪካ በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው።

ፕላትፎርሟ በአብዛኛው የፍራንሽ ኮንቴ ወይም የስዊዘርላንድ ሥራ ናት። ለምሳሌ ኦጉስት ሌፔ በ1839 በሞንቤሊያር አጠገብ በሳንት ሱዛን የመሠረተው ድርጅት መጀመሪያ የሙዚቃ ሣጥን ይሠራ ነበር፤ በኋላ ግን ለሌሎች ሰዓት ሠሪዎች ፕላትፎርም በማቅረብ የታወቀ ሆነ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ፓሪስ ይሄዳል፤ እዚያ ሞተሩ ይሞረዳል፣ ይወለወላል፣ ከፕላትፎርሙ ጋር ይስተካከላል፣ ቤት ይገባለታል፣ የቆዳ ማኅደርም ይሰፋለታል። ስለዚህ «የፓሪስ ሰዓት» ማለት ብዙውን ጊዜ በፓሪስ ያለቀና የተሸጠ ሰዓት ማለት ነው።

በሰዓቱ ፊት ላይ የተጻፈው ስም የሠሪው ስም አይደለም?

በአብዛኛው አይደለም። በነጩ የኢናሜል ገጽ ላይ የሚነበበው ስም የሱቁ ስም ነው። ዋናው ገበያ እንግሊዝ ስለነበር በብዙዎቹ ሰዓቶች ላይ የለንደን፣ የኤድንበራ ወይም የሊቨርፑል ጌጣጌጥ ሻጮች ስም ይገኛል፤ ወደ አሜሪካ በተላኩት ላይ ደግሞ የኒው ዮርክና የፊላዴልፊያ ነጋዴዎች ስም ይታያል። ሻጩ ዕቃውን ሲያዝ ስሙን በገጹ ላይ ያስጽፋል፤ የሠሪው ስም እንዲታይ ግን አይፈልግም ነበር፤ ደንበኛው በቀጥታ ወደ ፓሪስ እንዳይጽፍበት!

ሠሪውን የሚፈልግ ሰው ሰዓቱን ማዞር አለበት። የኋላውን በር ከፍተው የኋላውን የናስ ሰሌዳ በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩ፣ ከታች ጥግ ላይ ወይም በመሙያ ቀዳዳዎቹ አካባቢ ተከታታይ ቁጥርና አንዳንድ ጊዜ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ማኅተም ያገኛሉ። ማኅተሙ በኋላ ሰሌዳ ላይ ከሌለ በፊተኛው ሰሌዳ ላይ፣ ከገጹ በስተጀርባ ተሰውሮ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ለማየት ግን ሰዓት ሠሪ እንዲፈታው ማድረግ ያስፈልጋል።

የታወቁት ሠሪዎች እነማን ናቸው፤ ምልክታቸውስ ምንድን ነው?

ሦስት ስሞች ከሌሎቹ ጎልተው ይነሣሉ።

የመጀመሪያው ድሮኩር ነው። ፒዬር ድሮኩር በ1850ዎቹ በፓሪስ የጀመረውን ሥራ ልጁ አልፍሬድ ወርሶ አስፋፋው። ይህ ቤት በሳን ኒኮላም የራሱ ሥራ ቤት ስለነበረው ጥሬውን ሞተር ከሌላ እየገዙ ከሚያጠናቅቁት ይለያል። ምልክቱ «ዲ» እና «ሲ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ሲሆኑ በመካከላቸው የጉዞ ሰዓት ምስል አለ። ሥዕል ያለባቸው የፖርሴሊን ሰሌዳዎች የገቡላቸው የድሮኩር ሰዓቶች በጨረታ ቤት ዘወትር ይፈለጋሉ።

ሁለተኛው ሄንሪ ዣኮ ነው፤ ማኅተሙ «ኤች» እና «ጄ» ከሚሉት ፊደላት ጋር በቀቀን ይዟል። የዣኮ ሞተሮች በአጨራረስ ጥራታቸው ይታወቃሉ፤ የብሎኖቹ ጭንቅላትና የመዶሻዎቹ አወላወል እንኳ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። ሦስተኛው ፍራንስዋ አርሴን ማርጌን ሲሆን ምልክቱ «ኤ» እና «ኤም» ከሚሉት ፊደላት ጋር የንብ ቀፎ ነው። ማርጌን ከሌሎቹ ይበልጥ በቤቶቹ ዓይነት ብዛት የሚታወቅ ይመስለኛል፤ ከተራው እስከ እጅግ ያጌጠው ድረስ ሁሉንም ሞክሯል።

ከእነዚህ በተጨማሪ «አር» እና «ሲ» የሚል ማኅተም ያለው ሪሻር፣ «ኢ» እና «ኤም» የሚለው ሞሪስ፣ በለንደንም ሱቅ የነበረው ለ ሯ፣ ከቀደሙት ደግሞ ቦልቪዬና ዴዣርዳን ይጠቀሳሉ። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ በሳን ኒኮላ ራሱ በብዛት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ተነሡ፤ የኩዋዬ ወንድማማቾች ፋብሪካ አንዱ ነው። ሌላው አልቤር ቪዮን በ1867 የመሠረተው ነው፤ በኋላ ዱቬርድሬ ኤ ብሎኬል ተባለ፤ በመጨረሻም ባያር በሚል ስም የማንቂያ ሰዓት በማምረት በመላው ፈረንሳይ ታወቀ።

ምልክት የሌለው ሰዓት የማይረባ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጥሩ ሰዓቶች ቁጥር ብቻ ይዘው ወጥተዋል። በተቃራኒው፣ ማኅተም አገኘሁ ብሎ የሞተሩን ሁኔታ ሳያዩ መግዛት ደግሞ የጀማሪ ሰብሳቢዎች የተለመደ ጥድፊያ ነው።

የሰዓቱን ዕድሜ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ምልክቶች ሲስማሙ ግን ግምቱ ጠንካራ ይሆናል።

በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ የተሠሩት ቤታቸው በአንድ ወጥ የተቀረጸ ነው፤ በአናታቸው ያለው መስታወት ፕላትፎርሙን ብቻ የምታሳይ ጠባብ መስኮት ናት፤ የኋላ በራቸውም ብዙ ጊዜ ድፍን ናስ ሆኖ የመሙያ ቀዳዳዎቹን የሚዘጋ ተንሸራታች መከለያ አለው። ከምዕተ ዓመቱ አጋማሽ በኋላ ቤቱ ከተለያዩ ክፍሎች ተሠርቶ በብሎን የሚታሰር ሆነ፤ የአናቱ መስታወት ሰፋ፤ የኋላው በርም በመስታወት ተተካ። ድምፅም ይመሰክራል፦ የቀደሙት በደወል ላይ ይመታሉ፤ ከ1860ዎቹ ወዲህ ግን በኋላ በኩል የሚታይ ጥቅልል የብረት ሽቦ ደወሉን እየተካው ሄደ። የሽቦው ድምፅ ለስለስና ረዘም ያለ ሲሆን የደወሉ ጥርት ያለና አጭር ነው።

በኋላ ሰሌዳ ላይ ያሉት ፊደላት ሰዓቱ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ይነግሩዎታል። የፍጥነት ማስተካከያዋ አጠገብ «ኤ» እና «አር» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ «አቫንስ» እና «ሬታር» ማለት ነውና ሰዓቱ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ የታሰበ ነው፤ «ኤፍ» እና «ኤስ» ካሉ ግን ለእንግሊዝ ወይም ለአሜሪካ ገዢ የተሠራ ነው። «በፈረንሳይ የተሠራ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለበት ደግሞ ሰዓቱ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ወዲህ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ እንግሊዝ በ1887፣ አሜሪካም በ1890 ያወጧቸው ሕጎች የውጭ ዕቃ የመጣበት አገር እንዲገለጽ ግፊት አድርገዋል። ተከታታይ ቁጥር ዕድሜ ለመገመት የሚረዳው የአንዱን ሠሪ ሰዓቶች እርስ በርስ ሲያነጻጽሩ ብቻ ነው፤ የድሮኩር ቁጥር ስለ ማርጌን ሰዓት የሚናገረው ነገር የለም።

ኮርኒሽ፣ ጎርዥ፣ አንግሌዝ የሚሉት ስሞች ምንድን ናቸው?

የቤቱ ቅርጽ ስሞች ናቸው። በብዛት የሚገኘው ኮርኒሽ ነው፤ ግርጌውና አናቱ ወጣ ያለ፣ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ተራ ቅርጽ ነው። ጎርዥ ከግርጌም ከአናትም ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ቅርጽና ቦይ የወጣላቸው ማዕዘኖች ያሉት ሲሆን፣ ለመሥራት ስለሚያስቸግር ጥሩ ሞተር የሚገባው ብዙውን ጊዜ በእሱ ውስጥ ነው። አንግሌዝ የእንግሊዞችን ስሜት ለመያዝ የታሰበ ከበድ ያለ ቅርጽ ነው። የቀርከሃ አምሳል የሆኑ፣ እንደ ግሪክ ቤተ መቅደስ አምድ ያላቸው፣ ሞላላ ሆነው የተሠሩም አሉ። ሚኞኔት የሚባሉት ደግሞ በመዳፍ የሚያዙ ትንንሾች ናቸው።

ሰዓቱ ሲመታ የተለያየ ነገር የሚያደርገው ለምንድን ነው?

ተራው የጉዞ ሰዓት ጊዜ ያሳያል እንጂ አይደውልም። ከዚያ ከፍ የሚለው ሰዓቱን በቁጥሩ ልክ፣ ግማሹን ደግሞ በአንድ ምት ይመታል። በአናቱ ፊት ለፊት ትንሽ የምትጫን ቁልፍ ካለች፣ ስትጫን ያለፈውን ሰዓት ደግሞ ይመታልዎታል፤ ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ሌሊት ሻማ ሳይለኩሱ ሰዓት ማወቂያ ይህ ነበር።

ከፍተኛው ደረጃ ግራንድ ሶነሪ ይባላል። ይህ ሰዓት በየሩብ ሰዓቱ ሩቡን በሁለት የተለያየ ድምፅ ባላቸው ሽቦዎች ይመታና ሰዓቱንም ጨምሮ ይደግማል። ለምሳሌ የሰዓቱ ጠቋሚዎች አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ሲያሳዩ ሦስት ጥንድ ምቶችና አሥራ አንድ ነጠላ ምቶች ይሰማሉ፤ እንቅልፍ ለማይወስደው ሰው ይህ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ከሰዓቱ ሆድ ሥር የምትንሸራተት ዘንግ አድርገዋል፤ በአንድ ቦታ ላይ ሲያደርጓት ሙሉውን፣ በሌላው ሩቡን ብቻ ይመታል፣ በሦስተኛው ዝም ይላል። «ሰዓቴ አይደውልም» የሚሉ ባለቤቶች ወደ ሰዓት ሠሪ ከመሮጣቸው በፊት ሰዓቱን በጥንቃቄ አንስተው ከሥሩ ያለችውን ዘንግ ቢያዩ መልካም ነው።

ሌቨርና ሲሊንደር በሚባሉት መካከል ያለው ልዩነት ለገዢ ምን ለውጥ ያመጣል?

ሁለቱም የኤስኬፕመንት ዓይነቶች ናቸው። በሲሊንደሩ ዓይነት የጎማው ጥርሶች በባላንሱ ዘንግ ላይ ባለች ቀጭን ክፍት ቱቦ ውስጥ እየገቡ ይወጣሉ፤ ሁልጊዜ ስለሚፋተጉም ቱቦዋ ትበላለች፣ የጊዜ አጠባበቁም ይደክማል። በሌቨሩ ዓይነት በጎማውና በባላንሱ መካከል ሹካ መሰል ክፍል ስላለች ባላንሱ አብዛኛውን ጊዜውን ነጻ ሆኖ ይንቀሳቀሳል፤ በዚህም የተነሣ ትክክለኛነቱ የተሻለ ነው። ለመለየት በአናቱ መስታወት ይመልከቱ፦ ባላንሱ ዙሪያውን ትንንሽ ብሎኖች የተሰኩበት፣ ቀለበቱም በሁለት ቦታ የተቆረጠ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሌቨር ነው፤ ለስላሳና ያልተቆረጠ ቀለበት ከሆነ ሲሊንደር የመሆኑ ዕድል ያመዝናል።

ከዚህ በላይ ሊያሳስብዎ የሚገባው ፕላትፎርሙ የመጀመሪያው መሆን አለመሆኑ ነው። ሲሊንደሩ ሲበላ ጠግኖ ከማዳን ይልቅ አዲስ የሌቨር ፕላትፎርም መግጠም ስለሚቀል፣ በርካታ ሰዓቶች በ20ኛው ምዕተ ዓመት ተቀይሮላቸዋል። በሞተሩ አናት ላይ ምንም ያልተሰካባቸው የብሎን ቀዳዳዎች ካዩ፣ ወይም የፕላትፎርሙ ወርቃማ ቀለም ከቀረው ናስ ጋር ካልተስማማ፣ ተቀይሯል ማለት ነው። ሰዓቱ እየሠራ ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ ለሰብሳቢ ግን ዋጋውን በጉልህ ይቀንሳል፤ ሻጩም ይህን ሳይናገር ማለፍ አይገባውም።

ሥዕል ያለባቸው የፖርሴሊንና የኢናሜል ሰሌዳዎች ሁሉ እውነተኛ ናቸው?

አይደሉም። በጎንና በፊት በመስታወት ፈንታ የገቡ ሰሌዳዎች ዋጋን በብዙ እጥፍ ስለሚያሳድጉ፣ ተራ ኮርኒሽ ሰዓት ተገዝቶ መስታወቱ እየወጣ አዲስ ሥዕል የሚገባበት ጊዜ አለ። ሰሌዳው በቤቱ ቦይ ውስጥ እየላላ የሚንቀሳቀስ ወይም በማጣበቂያ የተያዘ ከሆነ ይጠራጠሩ፤ የመጀመሪያው ሰሌዳ ልኩ የተሠራው ለዚያ ቦይ ነውና። «የሴቭር አሠራር» የሚባል ሰሌዳም በሴቭር መንግሥታዊ ፋብሪካ የተሠራ ማለት አይደለም፤ ያንን መልክ የተከተለ ማለት ነው።

የእንግሊዝ የጉዞ ሰዓቶች ከፈረንሳዮቹ በምን ይለያሉ?

የእንግሊዞቹ ትልልቅና ከባድ ናቸው፤ በውስጣቸውም ፊዩዚ የተባለ፣ እንደ ሾጣጣ የተቀረጸና በቀጭን ሰንሰለት ከሞላው ከበሮ ጋር የተያያዘ ክፍል አለ። ሥራው ሞላው ጠግቦም ሆነ ደክሞ ሳለ እኩል ኃይል እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ፈረንሳዮች ግን ጥሩ ሞላ መርጠው ያለ ሰንሰለት መሥራትን መረጡ፤ ለዚህም ነው ሰዓታቸው ቀላልና ርካሽ ሆኖ ገበያውን የያዘው። እንግሊዞቹ በቁጥር ጥቂት በመሆናቸው ዛሬ በጣም ውድ ናቸው። በፊቱ የለንደን ስም ያለበት ሰዓት በውስጡ ሰንሰለት ከሌለው፣ በአብዛኛው ፈረንሳዊ ነው።

ሰዓቱን እንዴት መያዝና መንከባከብ ይገባል?

በስምንት ቀን ሞተር የሚሠራ ስለሆነ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ቀን፣ ቢሞሉት ይበቃል። ቁልፉ ሁለት ጫፍ አለው፤ ሰፊው ለመሙያ፣ ጠባቡ ጠቋሚዎቹን ከኋላ ለማስተካከያ ነው፤ በሰሌዳው ላይ የተቀረጹትን ቀስቶች ተከትለው ያዙሩ። «ከመጠን በላይ ሞልቼው ቆመ» የሚለው የተለመደ አባባል ትክክል አይደለም፤ ሞላው እስከ ጫፍ ተሞልቶ ሰዓቱ የማይሄድ ከሆነ የደረቀ ዘይትና ቆሻሻ ይዞታል ማለት ነው። በደንብ የተጠገነ ሌቨር በሳምንት ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሊያዛባ አይገባም።

ናሱን በብራሶ ማሸት ትልቅ ጥፋት ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ወርቅ የተቀቡ ናቸው፤ ቅቡም ስስ ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ሲታሽ ይለቅና ባዶ ናስ ይቀራል፤ ያንን መመለስ ከባድ ወጪ ነው። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ወደ ሞተሩ መርጨትም እንዲሁ፤ ለአንድ ወር ያስኬደውና አቧራ ሰብስቦ ጥርሶቹን እንደ ሞረድ ያስበላል።

ከሁሉ የሚከፋው ሞላው ተሞልቶ ሳለ ፕላትፎርሙን መፍታት ነው። አራቱ ብሎኖች ወጥተው ሰሌዳዋ ስትነሣ የሚያግደው ስለሌለ ሙሉው ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ጎማዎቹ በታላቅ ፍጥነት ይሽከረከራሉ፤ ጥርስ ይሰበራል፣ ዘንግ ይጣመማል፣ ጣትም ሊቆረጥ ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰዓት ሠሪ ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት ሞላውን በቁልፍ እየያዘ ቀስ በቀስ ያላላዋል። ጥገና ሲሰጡ «መጀመሪያ ሞላውን እንዴት ነው የሚያላሉት?» ብለው ቢጠይቁ፣ ከመልሱ ብዙ ነገር ይረዳሉ።

የትኛውን ልግዛ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ገጹ ያልተሰነጠቀ፣ ፕላትፎርሙ የመጀመሪያው የሆነ፣ ሰዓትና ግማሽ የሚመታ ኮርኒሽ ቢገዛ፣ ተቀይሮ ከተጠጋገነ ግራንድ ሶነሪ ይልቅ ደስታው የሚበልጥ ይመስለኛል። የቆዳ ማኅደሩና የመጀመሪያው ቁልፉ አብረው ካሉ ጥሩ ዕድል ነው፤ ማኅደሮቹ ስለሚበጣጠሱ ብዙዎቹ ጠፍተዋል። በባትሪ የሚሠሩ ዘመናዊ አምሳያዎች በብዛት ስላሉ፣ የኋላ በሩን ሳይከፍቱ ዋጋ አይቁረጡ።

በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ልጠቀምበት እችላለሁ?

ይቻላል፤ ሰዓቱም አይጎዳም። የሚመታው ምት ቁጥር ከሰዓት ጠቋሚው ጋር በተያያዘ፣ በደረጃ በተቀረጸ ክፍል ስለሚወሰን፣ ጠቋሚው ያሳየውን ያህል ይመታል። የደቂቃ ጠቋሚውን ወደ ፊት ብቻ እያዞሩ፣ በየሰዓቱና በየግማሹ ምቱን እስኪጨርስ እየጠበቁ፣ ስድስት ሰዓት ያህል ያስኪዱት፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ጊዜ ይመታልዎታል።

ቀን መቁጠሪያ ያለው ከሆነ ግን ጥቂት ማሰብ ያስፈልጋል። የቀኑ ቁጥር የሚለወጠው ጠቋሚዎቹ በአሥራ ሁለት አካባቢ ሲገናኙ፣ በሃያ አራት ሰዓት አንድ ጊዜ ነው። እንደ እኛ ሲሞላ ለውጡ በጠዋቱ አሥራ ሁለት እንዲውል ማድረግ ይቻላል፤ በማታው ከዋለ ጠቋሚዎቹን አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ፊት ማዞር ነው። ወሩን በተመለከተ፣ ተራው ቀን መቁጠሪያ እስከ 31 ስለሚቆጥር፣ ወራችን በ30 ባለቀ ቁጥር አንድ ቀን በእጅ ማሳለፍ፣ ጳጉሜን ሲያልቅም ጠቋሚውን ወደ 1 መመለስ ግድ ነው።

እነዚህን ሰዓቶች በአካል የት ማየት ይቻላል?

ሳን ኒኮላ ዳልዬርሞን ውስጥ የሰዓት ሥራ ሙዚየም አለ፤ የመንደሩን ጥሬ ሞተሮች፣ መሣሪያዎችና ያለቁ የጉዞ ሰዓቶች ይዟል። በቤዛንሶን ከተማ የሚገኘው የጊዜ ሙዚየምም የፍራንሽ ኮንቴን የሰዓት ሥራ ታሪክ ያሳያል። ለንደን ያለ ሰው የብሪቲሽ ሙዚየምን የሰዓት ክፍል ቢጎበኝ፣ የጉዞ ሰዓቶችን ከእነሱ በፊት ከነበሩት ሰዓቶች ጋር አጠገብ ለአጠገብ ማነጻጸር ይችላል።